እትዬ ጭጭ ዮጋ ሲገቡ

እውነተኛ ስማቸው የሚገኘው በጡረታ ደብተራቸው ላይ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ፣ ተማሪው እንደሚለው «ዩኒት ሊደር»፣ ሆነው ሲሠሩ ከአፋቸው የማትጠፋ ቃል አንዲት ነበረች። «ጭጭ!» ኮሪደር ላይ ጭጭ፣ ሰልፍ ላይ ጭጭ፣ ፈተና ክፍል ውስጥ እርሳስ ለወደቀበት ልጅ ጭጭ። ልጆቹ ከኋላቸው «እትዬ ጭጭ» አሏቸው። ስሙ ከልጆቹ ወደ አስተማሪዎቹ፣ ከአስተማሪዎቹም ወደ ሰፈሩ ተሻገረ። እሳቸው እንዳልሰማ ሆነው ኖሩ፤ በሆዳቸው ግን እንደ ማዕረግ ይቆጥሩት ነበር።

ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸው ስልሳ ሦስት። የሚቆጣጠሩት ተማሪ ስለጠፋ ጎረቤቱን፣ የቧንቧ ሠራተኛውንና የቴሌቪዥን ዜና አንባቢዎችን ይቆጣጠሩ ጀመር። ወሬ ወደ ወሊድ ከዞረ ደግሞ አንድ የሚመዟት ካርድ ነበረቻቸው። «እኔ ሦስት ልጅ የወለድኩት ጭጭ ብዬ ነው። አዋላጇ 'ኧረ እህቴ አለሽ ወይ?' እያለች ነበር የምትጠይቀኝ።» ይህችን ታሪክ ያልሰማ ዘመድ የለም። ሁለት ጊዜ ብቻ የሰማም የለም።

የመጀመሪያ ልጃቸው ሚስት ነፍሰ ጡር ሆና ስድስተኛ ወሯን ስትይዝ እሳቸው ቤት ገባች። ባሏ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ ራቅ ያለ ቦታ ድልድይ እየተሠራ ስለሆነ በሦስት ሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ምራታቸው መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል እግሯ ያብጣል፣ ደም ግፊቷም ትንሽ ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነገረቻቸው።

«ሐኪሟ የእርጉዝ ዮጋ ጀምሪ አለችኝ።»

«ዮጋ? ያ እግር አንገት ላይ የሚጠመጠምበት?»

«አይደለም እማማ። ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ነው። ደግሞ መተንፈስ ያስተምራሉ፤ ለምጡ።»

«መተንፈስ!» እትዬ ጭጭ መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ካወለቁ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። «ልጄ፣ መተንፈስ የማያውቅ ሰው እስካሁን በሕይወት ይገኛል? እኔ ሦስት ልጅ...»

«ጭጭ ብለው፤ አውቃለሁ እማማ» አለች ምራት፣ በፈገግታ። «ግን ከአጋዥ ጋር ነው የሚገባው። እሱ ደግሞ የለም። ከመድኃኒት ቤት አንዷን ልለምን እንዴ?»

የሰው ሴት! የልጃቸውን ልጅ የተሸከመችውን ሴት መድኃኒት ቆጣሪ ልታግዛት! እትዬ ጭጭ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እኔ እሄዳለሁ» አሉ። «ለቁጥጥር።»

ልጃቸው ማታ ደውሎ ይህን ሲሰማ ስልኩ ውስጥ የሚንከተከት ሳቅ ተሰማ። «እማዬ፣ አንቺ? ዮጋ?»

«ምን ያስቅሃል? ድልድይህን ሥራ!» ብለው ዘጉበት።

ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደረሱ። ቤቱ ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው የማስቲሽና የአዲስ ቆዳ ሽታ ይሸታል። እትዬ ጭጭ ግራጫ ኮትና ጉርዳቸውን፣ የድሮውን የሰልፍ ቀን ልብስ፣ ለብሰው ነበር። እጃቸው ላይ ማስታወሻ ደብተር ይዘዋል። በሩ ላይ «ጫማ እዚህ ይወልቃል» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ደነገጡ፤ ለካ የቀኝ እግራቸው ስቶኪንግ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ ካልሲ ሲመረምሩ የኖሩ ሴት አውራ ጣታቸውን በግራ እግራቸው ሸፍነው እንደ ሽመላ በአንድ እግር ቆሙ።

ውስጡ የእንጨት ወለል ያለው ሰፊ ክፍል ነው። ሰባት ምንጣፎች ተዘርግተዋል። ስድስቱ ላይ ስድስት ሆድና ስድስት የተጨነቀ ባል ተቀምጧል። አሠልጣኟ ሠላሳ አራት ሠላሳ አምስት የሚሆናት፣ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ ከትራስ ሥር እንደሚወጣ ለስለስ ያለ ሴት ናት። እትዬ ጭጭን ስታይ አንድ አፍታ ቆም አለች፤ ከዚያ ፈገግ ብላ ከቅርጫት አንድ ሐምራዊ የስፖርት ሱሪ አወጣች።

«ጉርዱ አያመችዎትም። ይችን ይሞክሯት።»

እትዬ ጭጭ በሐምራዊ ሱሪና በግራጫ ኮት ከመልበሻው ወጡ። መስታወቱ ውስጥ ያዩዋት ሴትዮ ከወገቧ በላይ የወላጅ ስብሰባ ልትመራ የመጣች፣ ከወገቧ በታች ሰርከስ የተቀጠረች ትመስላለች። ደብተራቸውን ገልጠው «፩. ሦስት ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ» ብለው ጻፉ።

«አሁን ሁላችንም እንንበርከክ» አለች አሠልጣኟ።

ሁሉም ተንበረከከ፤ እሳቸው ቆመው ቀሩ። ይህ ቃል በሕይወታቸው ስንት ሺህ ጊዜ ከአፋቸው እንደወጣ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም፤ ወደ ጆሯቸው ሲገባ ግን የመጀመሪያው ነበር። አሠልጣኟ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይዛ መጣች።

«ጉልበትዎን ያምዎታል?»

ጉልበቴስ ደህና ነው፣ ክብሬን ነው የሚያመኝ፣ ሊሉ አሰኛቸው። «ትንሽ» አሉና ቀስ ብለው፣ የምራታቸውን ትከሻ ተደግፈው፣ ወረዱ። ጉልበታቸው ሲታጠፍ የወጣውን ድምፅ ክፍሉ በሙሉ ሰማው። አንደኛው ባል በር የተከፈተ መስሎት ዞሮ አየ።

ከዚያ በአራት እግር ቁሙ ተባለ። ጀርባ እንደ ድመት ወደ ላይ፣ እንደ ላም ወደ ታች። እሱንም እንደምንም ተወጡት። የከፋው መጨረሻ ላይ መጣ።

«ትንፋሻችሁን ስታስወጡ ድምፅ አውጡ» አለች አሠልጣኟ። «ከጉሮሮ አይደለም፤ ከታች፣ ከሆድ። ላም እንዴት ነው የምትለው?»

«እምቧ» አለ አንዱ ባል፣ አፍሮ።

«እንደዚያ። ምጥ ሲመጣ ትንፋሽ የያዘች ሴት መላ አካሏን ትቆልፋለች። ድምፅ ሲወጣ መንጋጋ ይላላል፤ መንጋጋ ሲላላ ሌላውም ይላላል። በሉ።»

ክፍሉ በረት ሆነ። ምራታቸው ዓይኗን ጨፍና፣ የሚያምር፣ ወፍራም «እምቧ» አወጣች። የታክሲ ሹፌር ነኝ ያለው ባል የጭነት መኪና ጥሩምባ የሚመስል ነገር ለቀቀ። እትዬ ጭጭም አፋቸውን ከፈቱ። ምንም። ዓሣ እንኳ ከዚያ የተሻለ ድምፅ ሳታወጣ አትቀርም። እንደገና ሞከሩ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ፣ የተነፈሰ ጎማ ዓይነት። ሦስተኛ ሊሞክሩ ሲሉ የአሠልጣኟ ዓይን እላያቸው ላይ እንዳረፈ አዩና አፋቸውን ገጠሙ።

መንገድ ላይ ምራታቸው ጠየቀቻቸው። «እማማ፣ ለምን ዝም አሉ?»

«ጉሮሮዬን ብርድ መቶታል። ደግሞስ፣ ዝም አይነቅዝም። እኔ ሦስት ልጅ...» ምራታቸው ክንዳቸውን ያዘችና በሳቅ ፈረሰች። እሳቸውም ሳይወዱ በግድ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ።

እንዲህ ሦስት ሐሙስ አለፈ። የምራታቸው ግፊት ወረደ፤ የእሳቸው ደብተር ግን እየሞላ ሄደ። በሦስተኛው ሐሙስ ምራት ወደ መጸዳጃ ቤት ስትገባ አሠልጣኟ ምንጣፍ እየጠቀለለች ጠጋ አለቻቸው።

«ቲቸር» አለች። «አላወቁኝም አይደል?»

እትዬ ጭጭ መነጽራቸውን አስተካክለው በትምህርት ቤት ዓይናቸው አዩዋት። «ስንተኛ ክፍል?»

«ስምንተኛ ለ። የመስኮቱ ጥግ።» ምንጣፉን አቅፋ ቆመች። «ፈተና ላይ ስቄ ከባንዲራው ሥር ጠጠር ላይ አንበረከኩኝ። ሁለት ክፍለ ጊዜ። ሳለቅስ ደግሞ 'ጭጭ' አሉኝ።»

እትዬ ጭጭ ፊቷን ለማስታወስ ሞከሩ። ጠጠሩን አስታወሱ፣ የባንዲራውን ዘንግ አስታወሱ፣ ፊቷ ግን አልመጣም። ስንት ፊት ነበር! «ሊሆን ይችላል» አሉ በመጨረሻ።

«ለምን እንደሳቅኩ ልንገርዎት? የሒሳቡ አስተማሪ ሱሪያቸው ከኋላ ተተርትሮ ነበር።»

«ጊዜው ነበር ልጄ። ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር።»

«አዎ፣ ሁሉም እንደዚያ ነበር» አለች አሠልጣኟ። ምንም ቁጣ አልነበራትም፤ እሱ ነው የባሰው። «አልተቀየምኩዎትም። ማለቴ፣ ብዙ ዓመት ተቀይሜ ነበር፤ አሁን ጨርሼዋለሁ። መጀመሪያ ዮጋ ስማር እኔም ድምፅ አውጪ ሲሉኝ አልወጣልኝም ነበር። እርስዎን ሳይ እሱ ትዝ አለኝ። እንደማላውቅዎት ሆኜ ማስተማሩ ከበደኝና ነው የነገርኩዎት።»

ምራት መጣች። እትዬ ጭጭ ሐምራዊውን ሱሪ ሳይቀይሩ ጉርዳቸውን በእጃቸው ይዘው ደረጃውን ወረዱ፤ ሰፈር ሲደርሱ ነው የታወቃቸው።

ያን ሳምንት ቤቱ ውስጥ ማንም አልቀናውም። የቧንቧ ሠራተኛው ተቆጣ፣ የመስኮት መጋረጃ ሁለት ጊዜ ታጠበ። ሐሙስ ሲደርስ «ራሴን ያመኛል» ብለው ቀሩ። ምራታቸው ብቻዋን ሄደች፤ ስትመለስ ዳቦ ይዛ እየዘፈነች ገባች።

«ዛሬ አሠልጣኟ ራሷ ናት አጋዥ የሆነችኝ። 'እማማ ደህና ናቸው ወይ? ራሳቸውን ካመማቸው ውሃ በደንብ ይጠጡ' ብላለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ትበል?»

ምንም አልተናገረችም ማለት ነው። እትዬ ጭጭ ቢሰደቡ ይሻላቸው ነበር፤ ስድብ መልስ አለው። መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን አዩ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ስንት ነው? ሰማንያ ደቂቃ። ጠጠር ቤት ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ወደ ማድ ቤት ወጥተው አንድ ስኒ ጥሬ ሽምብራ ይዘው ተመለሱ። ወለሉ ላይ በተኑት። የእጅ ሰዓታቸውን አልጋው ላይ አስቀመጡና ጉርዳቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ።

አንደኛው ደቂቃ ላይ «ይህ ምንም አይደል» አሉ። ሁለተኛው ላይ አላሉም። ሦስተኛው ላይ አንዲት ሽምብራ በተለይ እሳቸውን የምትጠላ መሰላቸው። በአራተኛው ደቂቃ ልነሳ ቢሉ ጉልበታቸው እንቢ አለ፤ የአልጋውን እግር ሊይዙ ሲንጠራሩ ሽምብራው ከሥራቸው ተንከባለለና በጎናቸው ዘፍ አሉ።

ምራታቸው በሩን አንኳኳች። «እማማ! ምንድን ነው የወደቀው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ከወለሉ ላይ።

በሩ ሲከፈት ምራታቸው ያየችው ነገር ይህ ነው፤ አማቷ ጉልበታቸው ላይ ሁለት ሽምብራ ተጣብቆ፣ መነጽራቸው ተጣሞ፣ ዙሪያቸው እህል የተበተነለት ዶሮ መስለው ቁጭ ብለዋል። አልሳቀችም። አጠገባቸው በዝግታ፣ ሆዷን ይዛ፣ ተቀመጠች። እትዬ ጭጭ ሁሉንም ነገሯት። ሲጨርሱ ምራታቸው ሽምብራዎቹን አንድ በአንድ ከጉልበታቸው አነሳችላቸውና «ሐሙስ አብረን እንሄዳለን» አለች። እንደ ትእዛዝ ነበር፤ እትዬ ጭጭ ትእዛዝ ሲያዩ ያውቃሉ።

ይቅርታ መጠየቅ ግን እንዴት ነው? በልምድ የሚያውቁት ማስጠየቁን እንጂ መጠየቁን አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ሁለቱንም ሆነው ሦስት ቀን ሲጽፉ ሲሰርዙ ሰነበቱ። ሐሙስ ከሥልጠናው በኋላ ሰው ሁሉ ሲወጣ አሠልጣኟን አስቁመው፣ ከኮታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ማንበብ ጀመሩ።

«ጉዳዩ፦ ይቅርታ መጠየቅን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ የቀድሞዋ የሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ፣ በአንዲት የስምንተኛ ክፍል ለ ተማሪ ላይ፣ የአስተማሪ ሱሪ ሲቀደድ መሳቅ ጥፋት ሳይሆን፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ የፈጀ የማንበርከክ ቅጣት መፈጸሜ ታውቋል። ቅጣቱ ከመጠን በላይ የሚያም መሆኑም በሽምብራ በተደረገ የአራት ደቂቃ ማጣራት ተረጋግጧል። ስለሆነም...»

እዚህ ላይ አሠልጣኟ በእጇ አፏን ያዘች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እትዬ ጭጭ ያለቀሰች መስሏቸው ፈጠን አሉ።

«ስለሆነም ለደረሰው በደል ከልብ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወደፊት ተመሳሳይ ድርጊት እንዳይፈጸም... ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለምራቴ።»

አሠልጣኟ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ሳቋ እስከ ጫማ መሸጫው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። «በሽምብራ!» ትላለች፤ እንደገና ትስቃለች። ምራት ግድግዳውን ይዛ «እባካችሁ፣ አምልጦኝ ልጁ እዚህ እንዳይመጣ» እያለች ነው። እትዬ ጭጭ መሃል ቆመው ወረቀቱን ይዘው ግራ ተጋቡ። እንዲህ ዓይነት ሁከት ሲያዩ የሚሉት ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ማለት አልቻሉም። ሳቁ ሲያበቃ የአሠልጣኟ ዓይን በእውነት እንባ ሞልቶ ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ከአንጀት ሲስቁም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። ተነስታ እጇን ዘረጋች።

«ወረቀቷን ይስጡኝ።»

«ፊርማ አላረፈበትም።»

«ይፈርሙበታ።»

ፈረሙ። ያን ቀን ላምነቱን እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም ከትንፋሽ በቀር አልወጣም። «ሲመጣ ይመጣል» አለቻቸው አሠልጣኟ።

ምጡ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሐኪሟ ካለችው ቀን ዘጠኝ ቀን ቀድሞ። ምራት ልብስ እያሰጣች ሳለ በድንገት ገመዱን ይዛ ቆመች። «እማማ፣ ጀመረ መሰለኝ።» እትዬ ጭጭ ከወር በፊት ያዘጋጁትን የእቃ ዝርዝር፣ የስልክ ቁጥሮች ዝርዝርና የዝርዝሮቹን ዝርዝር ይዘው ታክሲ ውስጥ ገቡ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ነው ሻንጣውን ደጃፍ ላይ እንደረሱት ያስታወሱት። ተመልሰው ወሰዱት። ሹፌሩ «አይዞዎት እናቴ» አላቸው፤ ምጥ የያዛት ኋላ መቀመጫ ላይ በእርጋታ ትተነፍሳለች፣ ፊታቸው የነጣው ከፊት የተቀመጡት ናቸው።

ሆስፒታሉ ጥሩ ነበር፤ ክፍሉ ንጹሕ፣ መጋረጃው አረንጓዴ፣ ግድግዳው ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰዓት። አዋላጇ ደንደን ያለች፣ ሥራዋን የምታውቅ፣ ነገር ግን ያን ጠዋት በሦስት እናቶች መካከል የምትሮጥ ሴት ነበረች። የልጅቷ ባል የት እንዳለ ጠየቀች፤ መንገድ ላይ ነው አሏት። እኩለ ቀን አካባቢ ምጡ ሲበረታ ምራት የተማረችውን «እምቧ» ለቀቀችው። መጋረጃው ተገለጠ።

«እህቴ፣ ጩኸት አያስፈልግም! ሌሎቹን ታስደነግጫለሽ። ዝም ብለሽ ቻይው፤ ጎበዝ ሴት ነሽ።» መጋረጃው ተዘጋ።

ምራት ዝም አለች። በሚቀጥለው ምጥ ከንፈሯን ነከሰች፤ ትንፋሿን ያዘች፤ ጣቶቿ የአልጋውን ብረት ጨብጠው ነጡ። ግንባሯ ላይ ላብ ተንቆረዘዘ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። እትዬ ጭጭ አዩዋት። «ጎበዝ ሴት» የሚለውን ቃል ያውቁታል፤ ድምፁንም ያውቁታል፤ የእሳቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያከራዩት የኖሩት ድምፅ ዛሬ ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ሆኖ በገዛ ቤተሰባቸው ላይ ተመለሰ።

«ልጄ» አሉ፣ ጠጋ ብለው። «ዋሽቼሻለሁ።»

«አሁን?» አለች ምራት በጥርሷ መሃል። «አሁን ነው የሚነግሩኝ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ባልሽን ስወልድ ጮኼያለሁ። እንዴት ያለ ጩኸት! የበሩ ዘበኛ እሳት የተነሳ መስሎት ባልዲ ይዞ ነው የገባው። ነርሷንም ነክሻታለሁ።»

«ምኗን?»

«ክንዷን። እዚህ ጋ።» የራሳቸውን ክንድ አሳዩ። «ከዚያ አክስቴ 'አዋረድሽን' አለችኝና ሁለት ወር አላናገረችኝም። ሁለቱን ልጆች ጭጭ ብዬ የወለድኩት ጀግና ሆኜ አይደለም፤ እሷን ፈርቼ ነው። የኋላ ጥርሴ ለሁለት የተሰነጠቀው ያኔ ነው። ለሰው ግን ሦስቱንም አልኩ። ስደጋግመው እኔም አመንኩት።»

ምራት ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ምጥ ሆነ። ዓይኗ ፈጠጠ፤ እንደገና ትንፋሿን ልትይዝ ስትል እትዬ ጭጭ ሁለት እጇን ያዙና አፋቸውን ከፈቱ።

«እምቧዋዋዋ!»

ከየት እንደመጣ እሳቸውም አላወቁም። ከሆዳቸው በታች፣ ምናልባት ከሠላሳ ዓመት በታች። መስኮቱ የተንቀጠቀጠ መሰላቸው። ምራት ተከተለች። ሁለቱ ግንባር ለግንባር ገጥመው እንደ አንድ በረት ላሞች ተቀባበሉ።

መጋረጃው በኃይል ተገለጠ። «ማናት የምትጮኸው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ጭጭ።

አዋላጇ ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። «እናቴ፣ የሚወልዱት እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም፤ አጋዥ ነኝ። ውጪ ካልሽኝ እወጣለሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ሆኜም ይሰማል ግን። ድምፅ ካልወጣ መንጋጋ አይላላም፤ መንጋጋ ካልላላ... ሌላውም አይላላም። ተምረናል።»

አዋላጇ መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት ብያለሁ፤ መጀመሪያ ምራትን መረመረች። ቀና ስትል ድምፅዋ ተቀይሯል። «ጥሩ እየሄደ ነው። በጣም ጥሩ። እንደዚያው ቀጥዪ፤ ከታች፣ እንደ ቅድሙ።» ከዚያ ወደ እትዬ ጭጭ ዞራ «እርስዎ ግን ትንሽ ዝቅ ያድርጉት፤ ከጎን ያለችው እናት እርስዎ የወለዱ መስሏት እንኳን ማርያም ማረችሽ ልትል ተነስታለች።»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሴት ልጅ ተወለደች። ሙሉ ጤነኛ፣ ፀጉሯ ጥቁር፣ ድምፅዋ የአያቷን የሚያስንቅ። ለመደገፍ የመጡት እትዬ ጭጭ ራሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ሲቆሙ፣ አዋላጇ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና ስኳር ያለው ሻይ አስመጣችላቸው። ሻዩ አፋቸው ሳይደርስ ግማሹን ሐምራዊው ሱሪ ጠጣው። አዎ፣ ያን ሱሪ ነበር የለበሱት፤ ጠዋት በድንጋጤ መጀመሪያ እጃቸው ላይ የመጣውን።

አባትየው በማግሥቱ ደረሰ፣ ጫማው ሲሚንቶ እንደለበሰ። ሚስቱ ሁሉንም ስትነግረው እናቱን በአዲስ ዓይን ያያቸው ጀመር። «እማዬ፣ ነርሷን በእኔ ምክንያት ነከስሻት?»

«በአንተ ምክንያት ነው፤ ራስህ ትልቅ ነበር» አሉና ዳይፐር ሊያጥፉ ሄዱ።

ሰው ግን እንደ ልብስ ተገልብጦ አይለበስም። ሕፃኗ በሦስተኛ ሳምንቷ አንድ ከሰዓት በኋላ አልቅሳ አልበቃት ሲል፣ እትዬ ጭጭ ሳያስቡት «ጭጭ!» አሏት። ሕፃኗ ዝም አለች። ምራት ከመደርደሪያው ዞራ አየቻቸው። እሳቸው ሕፃኗን ወደ ትከሻቸው አንስተው «ተይው፣ ቀጥዪ» አሏት፣ ጆሮዋ ሥር። ሕፃኗም አላሳፈረቻቸውም፤ ቀጠለች። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት።

በሁለተኛው ወር አሠልጣኟ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከእርጉዞቹ ሰዓት በፊት፣ የአረጋውያን ዮጋ እንደምታስተምር ሰሙ። «እኔ አረጋዊ አይደለሁም» ብለው አንድ ሳምንት ተሟገቱ፤ በሚቀጥለው ሄዱ። ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ ሁለት እህትማማቾች፣ የቀሩትን ገና አልለመዷቸውም። ደብተር አልያዙም። መጨረሻ ላይ ሁሉም በጀርባው ተኝቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ምንም አለመሥራትን የሚለማመድበት አሥር ደቂቃ አለ። እትዬ ጭጭ በሕይወታቸው ምንም አለመሥራትን ተለማምደው አያውቁም። አሠልጣኟ ጥጥ የመሰለ ብርድ ልብስ አለበሰቻቸው። ከታች የጫማ መሸጫው ሰዎች ሳጥን ሲጎትቱ ይሰማል። ድምፁ ራቀ።

ሲነቁ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሌላ ነው። ዳኛው የለም፤ እህትማማቾቹ የሉም። ዙሪያቸውን አዳዲስ ሆዶችና አዳዲስ የተጨነቁ ባሎች ከበዋቸዋል፤ አሠልጣኟ አላስነሳቻቸውም፣ ምንጣፋቸውን ዝም ብላ ወደ ጥግ ጎትታ ቀጥላለች። አንድ ወጣት ባል ወደ ሚስቱ ተጠግቶ ሲያንሾካሹክ ሰሙት።

«እኚህ እናት ደግሞ ስንት ወራቸው ነው?»

እትዬ ጭጭ ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ። «ሰባት መቶ ሃምሳ ስምንት» አሉና ብርድ ልብሱን ወደ አገጫቸው ስበው በጎናቸው ተኙ።